«ስበኪ ይሉኛል፤ መጋቢ ግን አትሆኚም ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የምኖረው ሐዋሳ ነው። በነገረ መለኮት ዲግሪዬን ይዤ በአጥቢያችን በወንጌላዊነት አገለግላለሁ። እሑድ እሰብካለሁ፣ ለጥምቀት የሚዘጋጁትን አስተምራለሁ፣ የታመመ እጠይቃለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ አጽናናለሁ። መጋቢያችን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ምእመናን የእኔን ስም አነሡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢሞቴዎስን ገልጠው አነበቡልኝና «ስበኪ፣ አስተምሪ፤ መጋቢ ግን አትሆኚም» አሉኝ። ሌላው ለብቻዬ ጠርተው «የጌታን እራት በምታቀርቢበት ቀን የወር አበባሽ ቢመጣስ?» ሲሉኝ አፍሬ ወጣሁ። ባለቤቴ ይደግፈኛል፤ እናቴ ግን «ተዪው፣ ቤተ ክርስቲያን አትበጥብጪ» ትለኛለች። በእውነት ሴት መጋቢ መሆን የለባትም? እኔስ ምን ላድርግ?
ወንጌላዊቷ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ መልሴን አላስጠብቅሽም። ሴት መጋቢ መሆን ትችላለች። ተጠርታ፣ ተምራ፣ ምእመናን ከመሰከሩላት ደግሞ መሆን ይገባታል። ይህን የምልሽ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎን ትቼ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት እሱን ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ከገለጡልሽ ገጽ እንጀምር።

«ሴት ግን በዝግታ ትኑር እንጂ ልታስተምር ወይም በወንድ ላይ ልትሠለጥን አልፈቅድም» ይላል 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12። ከባድ ቃል ነው፤ እንዳልተጻፈ አድርገን ልናልፈው አንችልም። ግን ሽማግሌውን በአክብሮት አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ጥቅሱ እንደተጻፈ ይፈጸም ካልን በመጀመሪያ የሚከለክለው ማስተማርን ነው። እሳቸው ግን «ስበኪ፣ አስተምሪ» ብለውሻል። እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ስትቆሚ ወንዶቹም ተቀምጠው ይሰሙሻል። ስለዚህ አጥቢያችሁ ይህ ትእዛዝ ለሁሉም ቦታና ጊዜ በቁሙ እንደማይሠራ ተስማምታበታለች ማለት ነው። ማስተማሩን ፈቅዶ ሹመቱን ብቻ የሚከለክል ሐሳብ ከዚህ ቁጥር ላይ አይገኝም።

ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈም ምዕራፍ አንድ ላይ ተነግሮናል። ጢሞቴዎስ በኤፌሶን እንዲቆይ የተለመነው ልዩ ትምህርት የሚያስተምሩትን እንዲከለክል ነው። ያ ስሕተት በየቤቱ እየገባ እውነትን ወደ ማወቅ ያልደረሱ ሴቶችን ይማርክ እንደነበር ለጢሞቴዎስ የተላከው ሁለተኛው ደብዳቤ ያሳያል። አሁን የሐዋርያት ሥራ 18ን ግለጪ። እዚያው ኤፌሶን ውስጥ፣ በመጻሕፍት እውቀት የበረታው አጵሎስ በምኵራብ ሲናገር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። ወደ እነሱ ወስደውም የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው በትክክል ገለጡለት። ከተማዋ አንድ ናት። ጳውሎስ በሁለተኛው ደብዳቤው መጨረሻ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለጵርስቅላና ለአቂላ ሰላምታ አቅርብልኝ ይለዋል። ወንድ ያስተማረችውን ሴት በዚያችው ከተማ አልገሠጻትም፤ ሰላምታ ላከላት። ክልከላው ላልተማሩና ለተሳሳቱ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ከክልከላው አንድ ቁጥር ቀደም ብሎ የመጣው ትእዛዝም «ትማር» የሚል ነው። አንቺ ተምረሻል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ጠንካራ ነጥብ «አዳም ቀድሞ ተፈጥሮአልና» የሚለው ነው። ነገሩን ወደ ፍጥረት ስለሚወስደው በዘመንና በቦታ አይወሰንም ይላሉ። ይህን የሚሉ ወንድሞች በቅንነት ነው የሚሉት፤ አከብራቸዋለሁ። ሆኖም ጳውሎስ ያንኑ የፍጥረት ቅደም ተከተል በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ያነሣዋል፤ እዚያ የሚናገረው ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ስለምትከናነብ ሴት ነው። በጉባኤ መናገሯን አልከለከለም። ቀጥሎም ሴት ያለ ወንድ፣ ወንድም ያለ ሴት በጌታ ዘንድ እንዳልሆኑ ይነግረናል። «የአንዲት ሚስት ባል» የሚለው የ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 መስፈርት ደግሞ መሪ ወንድ ብቻ መሆን እንዳለበት ማረጋገጫ ከሆነ፣ ሚስት ያልነበረው ጳውሎስ ራሱ መስፈርቱን አያሟላም። የቁጥሩ ጉዳይ ታማኝነት ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ ያሉሽ ነገር ግን ሌሊቱን ሲያስቆጣኝ አደረ። እሳቸው ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። በአገራችን እንዲህ ያለው ፍርሃት በብዙ ቤት አለ፤ በግልጽ ስለማይነገር ደግሞ መልስ አግኝቶ አያውቅም። በየስብሰባው የሚነበበው ጢሞቴዎስ ነው፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ብዙ ሰው ልቡ ውስጥ ያለው ይኸኛው ነው። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገርበት። የዘሌዋውያን 15 ሕግ ስለ ሴት ብቻ አይናገርም፤ ስለ ወንድም ፈሳሽ ይናገራል፤ የወንዱንም ሰውነት እስከ ማታ ርኩስ ይለዋል። በአጥቢያችሁ አንድም ወንድ መጋቢ ከጌታ እራት በፊት ስለዚህ ተጠይቆ ያውቃል? እኛ ወንጌላውያን ያንን ሕግ በክርስቶስ ተፈጽሟል ብለን ነው የምንኖረው። ማርቆስ 5 ላይ 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ልብሱን ስትነካ ጌታ አልሸሻትም፤ በሕዝብ ፊት አቁሞ «ልጄ ሆይ» አላት። አንቺም ከዚያ ክፍል አፍረሽ መውጣት አልነበረብሽም። በዚህ ጉዳይ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሥርዓትና ምክንያት አላት፤ እኔ የምናገረው ያንን ሥርዓት ሳይቀበሉ ለሴት ሲሆን ብቻ ስለሚያነሡት ስለራሳችን ሰዎች ነው።

ወደ ታሪካችን ልምጣ፤ ያደግኩት ወለጋ ስለሆነ ይህን ሳልናገር አላልፍም። አስቴር ጋኖ በባርነት የተሸጠች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 በባሕር ላይ ነፃ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ ባለው የስዊድን ሚስዮን የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ከተርጓሚው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የቃላቱን ሀብት የሰበሰበችና በትርጉሙ የደከመች እሷ ናት። ያሳደጉንን የኦሮሞ ተረቶች የያዘ የንባብ መጽሐፍም አዘጋጅታለች። በኋላ ነጆ ላይ ስታስተምር ኖረች። መጽሐፉ ሲነሣ ግን ሰው ሁሉ የሚጠራው ኦኔሲሞስን ነው። እሱም ታላቅ ሰው ነው፤ ክብሩ አይነካ። ግን የምንሰብክበትን ቃል ያቀረበችልን ሴት ናት ብለን ልጆቻችንን አስተምረናል?

በደርግ ዘመን አባቴ በወንጌላዊነቱ ሲታሰር ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋች። እናቴ ማታ ማታ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና ጎረቤቶቻችንን ትሰበስብ ነበር። ቃሉን ታነባለች፣ ትጸልያለች፤ የሞተ ሲኖር ቀብር ላይ ቆማ የምትናገረው እሷ ነበረች። ለውጡ መጥቶ በሩ ሲከፈት ወንዶቹ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ እናቴ ወደ ሻይ ማፍላት ተመለሰች። አንድ ሰው ተነሥቶ «እስከ ዛሬ የጠበቀችን እሷ ናት» ያለ የለም። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘግታ በየቤቱ በትንንሽ ቡድኖች ስትኖር በእነዚያ ቡድኖች ሴቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከ5,000 ገደማ የነበሩት ምእመናን ከ30,000 በላይ ሆነው ነው የወጡት። ሞትና እስር ባለበት ጊዜ ሴት መንጋ ትጠብቅ ዘንድ ማንም ጢሞቴዎስን አላነበበላትም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለዓመታት ከተነጋገረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ ወሰነች፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ እ.ኤ.አ. በ2000 ተሾሙ። ስለዚህ አንቺ የጠየቅሽው ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። የየትኛው ቤተ እምነት አባል እንደሆንሽ አልጻፍሽልኝም፤ ምክሬ በዚያ ላይ ይመሠረታል። የቤተ እምነትሽን መተዳደሪያ ደንብ ፈልጊና አንብቢ። ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ የአንድ አጥቢያ ሽማግሌ የግል አስተያየት በሩን አይዘጋውም። ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጥሽ። ደንቡ የሚከለክል ከሆነ ጉዳዩ የሚለወጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ያን ያህል መጠበቅ ትችያለሽ ወይ የሚለውን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ምከሩበት። ወደ ሌላ ቤተ እምነት መሄድ ኃጢአት አይደለም።

ደጋፊዎችሽ «ተሰብስበን እንውጣ» ካሉሽ ግን እምቢ በያቸው። በአንቺ ስም በተነሣ ጠብ የሚመሠረት አጥቢያ ያንን ጠብ ይዞት ይኖራል።

ደመወዙንም ጠይቂ። የመጋቢ ሥራ እየሠሩ በወንጌላዊት አበል፣ አንዳንዴም በነፃ፣ የሚኖሩ እህቶች ብዙ አውቃለሁ። ብትሾሚም ትግሉ አያልቅም፤ የተሾሙትን ሴቶች ቢሮ ውስጥ የሴቶች ክፍል ላይ አስቀምጦ አጥቢያ መንፈግ የተለመደ ነው። ስትሾሚ መንጋ ያለበት ቦታ ጠይቂ። እናትሽን አትቆጫት፤ ሰው አንቺን ሲሰድብ ለመስማት ነው የፈራችው። የምትሰብኪበት እሑድ ይዘሻት ሂጂ።

ጥያቄ፦ በሚኒሶታ የምንገኝ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። መተዳደሪያ ደንብ እያረቀቅን ነው። «መጋቢ ወንድ ብቻ ይሁን» የሚል አንቀጽ ይግባ የሚሉ አሉ። ሴት ከተሾመች ነገ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይከተላል፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው ይላሉ። ሕንፃውን የተከራየነው ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መጋቢያቸው ሴት ናቸው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ግን የራሳችን ታሪክ ያንን መንገድ አይመሰክርም። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን ትሾማለች። ያችው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2013 በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መርምራ ለየብቻ መለሰች። የፈረንጅ ነገር ነው እንዳይባልም ፈረንጆቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ በአሜሪካ የሚዙሪ ሲኖድ የሚባሉት ሉተራኖች ሴት አይሾሙም፣ የላትቪያ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2016 ከለከለች፣ የአሜሪካ ሳውዘርን ባፕቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ2023 ሳድልባክ የተባለችውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ጉዳይ አስወጡ።

አንቀጹን አታስገቡት። በምትኩ የመጋቢ መስፈርት ጻፉ፤ ጥሪ፣ ትምህርት፣ የኑሮ ምስክርነት፣ የምእመናን ድምፅ። ረቂቁን ከሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ሴቶች ከሌሉ ደግሞ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጨምሩ፤ ያለእነሱ የተጻፈውን ክፍልም ከመጀመሪያው እንደገና አብራችሁ አንብቡት።