«ተርሚናል» ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አመጣጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ተርሚናል» ላይ ስለተገናኛችሁ ዛሬ እሱን እንይ።

ጥያቄ፦ ቦሌ ኤርፖርት ተርሚናል አለ። ኮምፒውተር ላይም አለ። ሐኪም ስለ ካንሰር «ተርሚናል ነው» ሲል ደግሞ ያስደነግጣል። ቃሉ አንድ ነው?

መልስ፦ አንድ ነው። ሥሩ የላቲኑ «ተርሚኑስ» ነው፤ ወሰን፣ የድንበር ምልክት ማለት ነው። ማሳ ድንበሩ ላይ ያበቃልና «መጨረሻ» የሚለው ትርጉም ከዚያ መጣ። ሐዲድ የሚያልቅበት ጣቢያ ተርሚናል ተባለ፤ ኤርፖርት ስሙን ከባቡር ወረሰ። ድሮ ትልቁ ኮምፒውተር ለብቻው ይቀመጥና ሰው የሚጽፍበት መሣሪያ በሽቦው ጫፍ ይሆን ነበር፤ እሱም ተርሚናል ነው። በሽታው ሲሆን መዳኛ የሌለው፣ ለሞት የሚያደርስ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሮማውያን በዚህ ስም አምላክ ነበራቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ተርሚኑስ የድንበር ድንጋይ አምላክ ነበር። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 23 ጎረቤታሞች ከየበኩላቸው መጥተው የጋራ ድንጋያቸውን በአበባ ጉንጉን ያስጌጣሉ፤ ማርና ወይን ያቀርባሉ፤ ጠቦት ያርዳሉ። ከዚያ አብረው ይበላሉ። ድንጋዩን በማረሻ የነቀለ ሰው ከነበሬዎቹ የተረገመ ነው ይባል ነበር። ድንበር መግፋት ስንት ደም እንዳፋሰሰ የምናውቅ እኛ ይሄ አይገርመንም።

በትውፊታቸው፣ ካፒቶሊን ኮረብታ ላይ ለጁፒተር ቤተ መቅደስ ሲሠራ ሌሎቹ አማልክት ቦታ ለቀቁ፤ ተርሚኑስ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ድንጋዩ እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ቀረ። ሰማይ ማየት አለበት ተብሎም ጣሪያው በላዩ ተበሳለት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሮም ያለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ «ተርሚኒ» የተባለው ለዚህ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሙ የመጣው «ቴርሜ» ከሚለው፣ ከመታጠቢያ ቤት ነው። የንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ግዙፍ መታጠቢያ ፍርስራሽ ከጣቢያው ፊት ለፊት አለ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አትላንታ ነው። ከተማው ድሮ ተርሚኑስ ይባል ነበር አሉኝ።

መልስ፦ ልክ ነው እህቴ። በ1837 እ.ኤ.አ. የባቡር መሐንዲሶች የሐዲዱን ማብቂያ ካስማ የተከሉት እዚያ ነው፤ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። በ1843 በቀድሞው የጆርጂያ ገዥ በዊልሰን ላምፕኪን ልጅ በማርታ ስም ማርታስቪል ተባለ። በ1845 አትላንታ ሆነ።

ጥያቄ፦ «ኤክስተርሚኔት»ስ?

መልስ፦ ያው ቤተሰብ ነው። በላቲን መጀመሪያ «ከወሰን ውጭ ማባረር» ነበር። መጨፍጨፍ፣ ጨርሶ ማጥፋት የሚለው ትርጉም በኋላ ነው የመጣው። ከአገር ማባረር ወደ መፍጀት እንዴት እንደሚሻገር ቃሉ ራሱ ያሳያል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት «ተርም»?

መልስ፦ ዘመዱ ነው። መነሻና መድረሻው የተወሰነ ጊዜ።

ጥያቄ፦ ምስጥ በእንግሊዝኛ «ተርማይት» ነው። እሱስ?

መልስ፦ አይዛመድም ወንድሜ። እሱ እንጨት የሚበላ ትል ከሚጠራበት ሌላ የላቲን ቃል ነው።