«ፖሊስ ሳያይብሽ ንቀይው» አሉኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። ሰኔ ላይ ከጎረቤት በረት ሁለት ጆንያ ፍግ አስመጥቼ ጎመንና ቆስጣ የዘራሁበት መደብ ላይ በተንኩት። ከዚያ ከቆስጣው መሀል ያልዘራሁት ነገር ብቅ አለ። ዝም አልኩት። አሁን መካከለኛውን ልጄን በቁመት አልፎታል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ። ማታ ማታ ነጭ ረጅም አበባ ይከፍታል፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠውልጎ አገኘዋለሁ። ፍሬው እሾሃም ነው። ጉሎ ነው እንዳልል ጉሎን አውቀዋለሁ። ባለፈው የሰፈር ፍየሎች አጥር ጥሰው ገቡና ቆስጣዬን ሙልጭ አድርገው በሉት፤ እሱን ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። አማቴ ደግሞ ገና ለጋ ሳለ ጎመን መስሏቸው ሊቀነጥቡት ነበር። ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን አዩትና «ይሄማ እፀ ፋርስ ነው፣ ፖሊስ ሳያይብሽ ንቀይው!» አሉኝ። ባለቤቴ ለሥራ ሌላ አገር ነው ያለው። እንቅልፍ አጥቻለሁ ጋሼ። ፎቶውን ልኬያለሁ፣ ምንድን ነው?

የ3 ልጆች እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ፖሊስ አይመጣብሽም። ንቀይው ያሉሽ ግን ልክ ናቸው።

ጎረቤትሽም አልዋሹም። ይህን ተክል አጠፋሪስ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ እፀ ፋሪስ የሚለውም አለ። ጣጣው የመጣው ዜና ላይ ፖሊስ የሚያሳድደውን አደንዛዥ ተክል፣ ካናቢስን፣ «እፀ ፋርስ» ማለት ስለተለመደ ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ተክል። የካናቢስ ቅጠል እንደተዘረጋ መዳፍ በጣት በጣት የተከፈለ ነው። ያንቺው በፎቶው ላይ አንድ ወጥ ነው፣ ጠርዙ ብቻ ጥርስ ጥርስ ያለው። እንዲያ ያለ ነጭ የመለከት አበባም፣ እሾሃም ፍሬም ካናቢስ ላይ አይታይም።

ከጉሎም የሚለየው በፍሬው ነው። የጉሎ ፍሬ በዘለላ ይንጠለጠላል። ያንቺው በየቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እሾሁም ይዋጋል። ሲደርቅ ከጫፉ በአራት ይሰነጠቃል። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር አለ፦ ከጥቁር አዝሙድ ተለቅ ያለ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ኩላሊት የመሰለ። ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። ፋርስ ፋርስ ቢባልም ትውልዱ አሜሪካ ነው። ከቲማቲም፣ ከድንችና ከእምቧይ ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

እኔ ግን ከስሞቹ ሁሉ የምወደው ሌላኛውን ነው፦ አስተናግር። የበላው ሰው ከሌለ ሰው ጋር ወሬ ይይዛል። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ሥሩም መርዝ ነው፤ ዘሩ ደግሞ ይብሳል። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ነገሮች አሉ። አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ሰውነት ይግላል፣ ልብ ይሮጣል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሽንት እምቢ ይላል። ከዚያ መቃዠት ነው። ሊገድልም ይችላል።

አማትሽን አላህ ነው ያተረፋቸው። መቀቀል አያረክሰውም። በ1676 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውን በምትባል ቦታ ወታደሮች ቅጠሉን ቀቅለው እንደ ሰላጣ በሉት ይባላል። 11 ቀን አእምሯቸውን ስተው ከረሙ። አንዱ ላባ እፍ እያለ አየር ላይ ሲያንሳፍፍ ይውል ነበር አሉ። ሲሻላቸው አንዱንም አላስታወሱም። አሜሪካኖቹ እስከዛሬ በዚያች ከተማ ስም ይጠሩታል።

እኔንም አንድ ጊዜ አግኝቶኛል። ልጅ እግር የግብርና ሠራተኛ ሳለሁ መርሳ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ማሽላ እናርም ነበር። አስተናግሩን በባዶ እጄ ነቅዬ ላቤን ስጠርግ ቀኝ ዓይኔን አሸሁት። ትንሽ ቆይቶ ፀሐዩ በዚያ ዓይን በኩል ዱቄት የተበተነበት መሰለኝ። ማታ የመዝገብ ደብተሬን ስከፍት ፊደሉ ይዋኛል። መስተዋት ሳይ የአንዱ ዓይኔ ብሌን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ሰፍቷል፣ ሌላው ደህና። ያከራዩኝ እናት «ቡዳ ነው» ብለው ጤና አዳም ሊያሸቱኝ ተነሡ። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት የሚያንጠባጥበው ያንኑ አትሮፒን መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ቀን ባንድ ዓይን ነው ያነበብኩት።

ስለዚህ እጅሽን በፌስታል ጠቅልለሽ ንቀይው። ከነሥሩ ይውጣ፣ አፈሩ ሲረጥብ ይቀላል። ሳትታጠቢ ፊትሽን እንዳትነኪ። ፍሬው ሳይሰነጠቅ ዛሬ ነገ ሳትዪ አድርጊው። ከደረቀ ግን ፍሬውን መጀመሪያ ፌስታል ውስጥ ቆርጠሽ አስገቢና ቋጥሪው። የተነቀለውን ፍግ ክምር ላይ አትጣዪው፣ አታቃጥዪውም፣ ጭሱም አይበጅም። ለጥርስ ሕመም ብለው ዘሩን የሚታጠኑ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪውና ተገላገዪው። ቆስጣውንም ስትለቅሚ ቅጠል በቅጠል እያየሽ ይሁን፣ ለጋው አስተናግር መሀሉ እንዳይገባ።

ልጆቹን ቁጭ አድርገሽ ፍሬውን አሳዪአቸው። ኳስ አይደለም፣ ዘሩም የሚቆረጠም አይደለም በያቸው። ከቀመሱ ወተት እያጠጡ መጠበቅ የለም፣ ለማስመለስም አትሞክሪ። ያንኑ ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከተክሉ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዘሽ። ሐኪሙ ምን እንደበሉ በዓይኑ ካየ ሥራው ይቀለዋል።

በሚመጣው ክረምትም ይበቅልብሻል፣ እንዳይደንቅሽ። አሜሪካ ውስጥ ዘሩን ቀብረው ከ39 ዓመት በኋላ ሲያወጡት ከ10ሩ 9 ያህሉ በቅሏል። በየዝናቡ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ጀምሮ መንቀል ነው።

ከየት መጣ ካልሽኝ፣ እኔ የምጠረጥረው ፍጉን ነው። ከብቱ በልቶት አይደለም፣ እንደ ፍየሎቹ እሱም አይነካውም። ግን ይህ አረም ፍግ ያለበትን መሬት ይወዳል፣ በረት ዙሪያ ይቆማል፣ ዘሩ ይረግፋል፣ ከፍጉ ጋር ተጠርጎ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ፍጉ በደንብ ተከምሮ ግሎ ቢበስል ኖሮ አብዛኛው ይሞት ነበር። እስቲ ፍጉን የሰጡሽ ጎረቤት በረት ጓሮ ዞር በዪ። እናትየው እዚያ ቆማ ሳታገኚያት አትቀሪም።