ፕሮክስሞክስ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጫን ዲስኩ ካልታየ

16 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ፕሮክስሞክስን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን የሚያስኬድ ሥርዓት) ጭነህ፣ ኡቡንቱ ሲገባልህ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ግን ዲስክ አላገኘሁም ካለህ፣ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ቨርቹዋል ማሽኑን ስትፈጥር የዲስኩን ዓይነት ቪርትአይኦ ስካዚ (ለቨርቹዋል ማሽኖች ተብሎ የተሠራ የዲስክ ማገናኛ) ስላደረግኸው ነው። ኡቡንቱ ድራይቨሩን (ዲስኩን የሚያናግረውን ፕሮግራም) ከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ስለያዘ ያለችግር ተጫነልህ፤ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ግን የለውም።

1. የቪርትአይኦ-ዊን አይኤስኦ ፋይል (የዊንዶውስ ድራይቨሮቹን የያዘ የሲዲ ቅጂ) አውርደህ በሁለተኛ ሲዲ ድራይቭነት ጨምርለት።
2. ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጫንና ከዚያ ሲዲ ቪአይኦስካዚ፣ 2ኬ22፣ ኤኤምዲ64 ወደሚሉት ፎልደሮች በተራ ግባ። ዲስኩ ብቅ ይላል።
3. የኔትወርክ ካርዱም ቪርትአይኦ ከሆነ አይታይም፤ ተጭኖ ሲያልቅ ከዚያው ሲዲ ጌስት ቱልሱን (የቀሩትን ድራይቨሮች የሚጭነውን ፕሮግራም) ጫን።

አደራ፣ 16ቱንም ጊጋ ራም ለሁለቱ ቨርቹዋል ማሽኖች አታከፋፍል። ለራሱ ለፕሮክስሞክስ ቢያንስ 2 ጊጋ ተው። ራም ሲያልቅ የአስተናጋጁ (የፕሮክስሞክሱ) ከርነል ብዙ ራም የያዘውን ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቨርቹዋል ማሽን ነው፣ ውስጡ ያለ ዳታቤዝ እየጻፈ ሳለ እንኳ።