ለብርድ ጊዜ የሚሆን የውሻ ልብስ፦ ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር

ጋሼን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ደብረ ማርቆስ በእንስሳት ጤና ሲሠሩ ኖረው አሁን ውሻ ያረባሉ፣ የውሻ ልብስም ራሳቸው ይሰፋሉ። ጥያቄ አጠር ይበል፤ የተጠየቀ አይደገም።

ከእንጅባራ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ውርጩ ጀምሮናል። ለውሻዬ የፍሊስ (ያ ለስላሳ የጃኬት ጨርቅ) ልብስ ልግዛለት ወይስ ይቅር?

ጋሼ፦ ምን ዓይነት ውሻ? ዕድሜው? የሚያድረው የት?

ከእንጅባራ፦ የሀገር ውሻ ነው፣ ጸጉሩ አጭር፤ አርጅቷል። በረንዳ ላይ ያድራል። ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ፦ እንዲህ ጠይቁኝ። ያረጀ፣ የከሳ፣ ጸጉሩ የሳሳ ውሻ ልብስ ይጠቅመዋል፤ ቡችላም እንዲሁ። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ከላይ ሻካራ ከሥር ለስላሳ ድርብ ጸጉር ያለው ጤነኛ ውሻ አያስፈልገውም። መንቀጥቀጥ፣ እግርን እያፈራረቁ ማንሳት፣ ተጠቅልሎ አልነሳም ማለት የብርድ ምልክት ነው። ልብሱ ግን የቀን ነው፤ የሌሊቱን ብርድ የሚመልሰው ማደሪያው ነው። ከሲሚንቶው በጣውላ ከፍ አድርገህ፣ በሩን ነፋስ ከማይመታበት በኩል አዙረህ፣ ገብቶ ለመዞርና ለመተኛት ብቻ የሚበቃው ቤት ሥራለት። ቤቱ ከሰፋ በገላው ሙቀት አይሞቅም። ውስጡን ደረቅ ገለባ ሙላው፣ ሲረጥብ ቀይረው። ብርድ ልብስ አታንጥፍለት፣ እርጥበት ይዞ ያድራል። ልብሱም ከረጠበ ወዲያው አውልቁ።

ከባሕር ዳር፦ እኔም ለቡችላዬ አሰፋሁለት፣ ሲያምርበት!

ጋሼ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፣ የጮቄ ተራራ ራስ ከ4,000 ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ያንተ ከተማ ዝቅ ስላለች ትሞቃለች፤ ቀትር ላይ ካለከለከ አውልቅለት። ቀጣይ።

ከሞጣ፦ ሻጩ ፍሊስ የበግ ጸጉር ነው አለኝ። እውነት ነው?

ጋሼ፦ ውሸት ነው። ፖሊስተር ነው፤ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሠራበት ቁስ የሚገኝ ክር። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ማልደን ሚልስ የሚባል ፋብሪካ በ1970ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጨርቅ ነው። ክሩ ውሃ ስለማይጠጣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፤ የተበጠረው ፊቱ አየር አምቆ ስለሚይዝ ይሞቃል። ነፋስና ዝናብ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ክረምት ላይ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ አንድ ደርብ ከላይ ስፉለት። ፕላስቲክ ነው ብያለሁ፣ ምድጃና ከሰል አጠገብ ለብሶ አይተኛ፤ ይቀልጥና ቆዳው ላይ ይጣበቃል። ይህን የማይሰማ ሰው ስለ ጨርቅ አይጠይቀኝ።

ከሰከላ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የእኛ ባናስ ምን ጎደለው? የበግ ጸጉር ረጥቦም ይሞቃል።

ከቢቸና፦ ባና እኮ ውሃ ከጠጣ ውሻው አይሸከመውም!

ከሰከላ፦ እረኛው ስንት ክረምት ያለፈው በምን ነበር? በደበሎና በገሳ አይደል?

ከደጀን፦ ሰው በብርድ እያደረ ለውሻ ልብስ ምርጫ! ጉድ ነው ዘንድሮ።

ከቢቸና፦ ወንድሜ፣ አንተ ቤትህን ማን እየጠበቀልህ ነው የምትተኛው?

ከሰከላ፦ እንግዲያው ገሳ ደርቡለት፣ ጭቅጭቁም ይብቃ።

ጋሼ፦ ስትጨርሱ ንገሩኝ። ባና ረጥቦም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ የሰከላው ልክ ነው። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሳይወጣ ሳምንት በሚያልፍበት አገር በምን ታደርቀዋለህ? የጥጥ ጋቢ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የደጀኑ፣ ለሰውም ለውሻም ማዘን ይቻላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ የእብድ ውሻ ክትባት በስንት ጊዜ ነው?

ጋሼ፦ በየዓመቱ አስከትብ። ዛሬ የተሰበሰብነው ለልብስ ነው።

ከቡሬ፦ ጥሩ የሚባለው የትኛው ነው?

ጋሼ፦ ለየትኛው ውሻ?

ከቡሬ፦ በጠቅላላው።

ጋሼ፦ በጠቅላላው የሚባል ውሻ የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የኔው በብብቱ በኩል እየፋቀው ቆሰለ። ላርጅ ነበር የገዛሁለት።

ጋሼ፦ ይኸው! ላርጅ፣ ሚዲየም ማለት የሻጩ ቋንቋ ነው፤ አንዱ ቤት ላርጅ ያለውን ሌላው ስሞል ይለዋል። ሜትር ያዙና ሦስት ቦታ ለኩ። ጀርባውን፣ አንገቱ ትከሻውን ከሚያገኝበት እስከ ጅራቱ ሥር፤ ቁሞ እንጂ ተኝቶ አይለካ። ደረቱን፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ በሰፊው ቦታ ዙሪያውን። አንገቱን፣ ማሰሪያው በሚያርፍበት። ከሦስቱ የሚበልጠው ደረት ነው፤ ሁለት ውሾች ጀርባቸው እኩል ሆኖ ደረታቸው ሊለያይ ይችላል። ልብሱ ከጅራቱ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀደም ብሎ ይለቅ፣ በጨርቁና በገላው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። የብብቱን ክብ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ያንተን ያቆሰለው ጠባቡ ክብ ነው። ቁስሉ እስኪድን ምንም አታልብሰው።

ገንዘብ ለማትረፍ ከልባሽ ጨርቅ የልጅ ፍሊስ ጃኬት ፈልጉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ የደረቱን ስፋት ለኩና በሁለት አባዙት፤ ከውሻው ደረት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ይሆነዋል። እጅጌዎቹን ከክርን በላይ ቆርጣችሁ የፊት እግሮቹን በዚያ አስገቡ፤ ዚፑ በጀርባው ይውላል፣ የጃኬቱ ጀርባ ሆዱን ያለብሰዋል። የዚፑ ጥርስ ጸጉር እንዳይነክስ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋ። ኮፍያና ገመድ ካለው ቁረጡት፤ ያንቀዋል። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ልብስ ለብሶ ብቻውን አይተው። ደግሞም፣ ከረጠበ አውልቁ።

ከዳንግላ፦ የኔዋ ጸጉሯ በቦታ በቦታ እየረገፈ ይበርዳታል። ወፍራም ልግዛላት?

ጋሼ፦ የለም እህቴ። እከክ ሊሆን ይችላል፣ በልብስ አትሸፍኚው። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጃት፤ የሚተላለፈው ዓይነት ሰውንም ያሳክካል። የጤነኛውን ውሻ ልብስም በየቀኑ አውልቃችሁ ቆዳውን እዩ፣ መዥገርና ቁንጫ ሙቀት ይወዳል።

ከአዴት፦ ዋጋው ስንት ነው?

ጋሼ፦ ገበያ ጠይቅ።

ከሞጣ፦ ሲንቀጠቀጥ የቆየ ውሻ መንቀጥቀጡን ቢያቆም ሞቀው ማለት ነው?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ። ተነስቶ ከተጫወተ ሞቆታል። ፈዝዞ ከተኛ ግን ተቃራኒው ነው፣ ብርዱ በርትቶበታል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ በፊንጢጣ ይለካል። ከ37 ከወረደ አድርቃችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በፎጣ ሸፍናችሁ ከጎኑ አድርጉና ወደ ሐኪም ሩጡ። እሳት ዳር አታስጠጉት።

ከደንበጫ፦ ጋሼ፣ ላርጅ ይበቃዋል?

ጋሼ፦ አንተ ልጅ፣ ከላይ ያለውን አንብበሃል?

ከደንበጫ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ለካሁ። ጀርባው 48፣ ደረቱ 64፣ አንገቱ 38።

ጋሼ፦ ተባረክ። ደረቱን 68፣ ጀርባውን 45፣ አንገቱን 41 አድርገህ አሰፋ። ወንድ ነው ሴት? ወንድ ከሆነ የሆዱን ጨርቅ ማሳጠር አለብህ፣ አለዚያ በሸና ቁጥር ይረጥባል።