ሴሊንና ከእርሱ የተማሩት

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊውን ደራሲ የሉዊ-ፈርዲናንድ ሴሊንን «ጉዞ እስከ ሌሊት ጫፍ» በእንግሊዝኛ አንብቤ ጨረስኩ። ከእርሱ ተምረዋል የሚባሉትን አሜሪካውያን ደራሲያን ከርት ቮኔገትንና ቻርልስ ቡኮውስኪን አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ሦስቱም ስለ ሰው ልጅ ተስፋ የቆረጡ ይመስላሉ፤ ሆኖም ቮኔገት ሲያጽናናኝ ሴሊን ግን ከበደኝ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በእኔ እምነት ምክንያቱ ደራሲዎቹ ርኅራኄን የሚያስቀምጡበት ስፍራ መለያየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ተራኪው ባርዳሙ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ አፍሪካ ቅኝ ግዛት፣ ከዚያም ወደ ዲትሮይቱ የፎርድ ፋብሪካና ወደ ፓሪስ ዳርቻ የድሆች ሰፈር ሲዘዋወር፣ በየደረሰበት የሚጠብቀው ፍርሃት፣ ስስትና ጭካኔ ነው። በ1914 በጦር ሜዳ ቆስሎ፣ ኋላም ድሆችን በሐኪምነት ያከመው ሴሊን ይህን ዓለም በቅርብ ያውቀዋል።

ርኅራኄው ግን የለም ማለት አይደለም። በአፍሪካው ክፍል አልሲድ የተባለ ሃምሳ አለቃ አለ፤ ለጥቁር ወታደሮቹ ትምባሆ እየሸጠ ከደመወዛቸው ትርፍ ስለሚለቅም ባርዳሙ እንደ ተራ ስግብግብ ይቆጥረዋል። ኋላ ግን ገንዘቡ ቦርዶ ከተማ በመነኮሳት ዘንድ ለምታድግ፣ እናት አባቷ ለሞቱባትና በልጅነት ልምሻ ለተጎዳች የወንድሙ ልጅ እንደሚላክ፣ ስለ እርሷም ሲል በዚያ በረሃ የአገልግሎት ዘመኑን እንዳራዘመ ይረዳል። ሌሊት ተኝቶ ሲያየው ፊቱ የማንም ሰው ፊት ነው፤ ደጉን ከክፉው የሚለይ ምልክት ቢኖር ምንኛ መልካም ነበር ብሎም ያስባል። ሴሊን ይህን ያሳየንና ወዲያው ትቶት ያልፋል፤ ክብደቱም ከዚህ ይመጣል።

ቮኔገት በ1945 የጀርመኗን ከተማ የድሬስደንን በቦምብ መደብደብ በምርኮኛነት ያየ ሰው ነው፤ በ1969 ባሳተመው የጦርነት ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይም ሴሊንን በስሙ ያነሳዋል። ነገር ግን የእርሱ ተራኪ ለእያንዳንዱ ሟች በግልጽ ያዝናል፤ አንባቢውን ብቻውን አይተወውም። ቡኮውስኪ የወሰደው በይበልጥ የተራውን ሰው የመንገድ ላይ አነጋገር ነው፤ በ1994 በወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዱ ሴሊንን ገጸ ባሕርይ እስከ ማድረግ ቢወደውም፣ ዓለሙ ከመጠጥ ቤትና ከኪራይ ክፍል እምብዛም ስለማይወጣ ቁጣው ጠባብ ሆኖ ይሰማኛል።

ሴሊን ከ1937 እስከ 1941 ባወጣቸው ሦስት ጸረ-አይሁድ ጽሑፎች ውስጥ ለአልሲድ ያሳየው ርኅራኄ ጨርሶ የለም፤ ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። ልብ ወለዱን ዳግመኛ ሲያነቡ የአልሲድን ገጾች ቀስ ብለው ያንብቧቸው።