ቅርፊቱን አትንኩት

ልጆቼ፣

የቆዳ ሐኪም ሆኜ ነው ያረጀሁት። ልጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «ዶክተር፣ ይሄን ቅርፊት ባነሳውስ?» እያሉ ነው። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ደርሷል። አልፈርድባቸውም። እኔም በልጅነቴ እጄ አያርፍም ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም ጉልበቴ ላይ አለ።

እስቲ ከሥሩ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ስትወድቁ መጀመሪያ የሚላጠው የቆዳ ላይኛው ንጣፍ ነው። እሱ የደም ሥር የለውም። ለዚህ ነው ትንሽ ጫር ሲያደርጋችሁ የማትደሙት። ደም ካያችሁ ሁለተኛው ንጣፍ ተነክቷል። የደም ሥሩ፣ ነርቩ፣ የላብ ዕጢው ሁሉ እዚያ ታጭቋል። ከሱ በታች ስብ አለ፤ ስትወድቁ እንደ ፍራሽ ያገለግላል።

ደም ሲፈስ ከደሙ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ይሠሩና እንደ መረብ ይዘረጋሉ። መረቡ የደም ሕዋሳትን ይይዛል፣ ይደርቃል። ቅርፊት ማለት ይኸው ነው። ሥራው ያለው ግን ከሥሩ ነው። ከቁስሉ ዳርና ዳር አዳዲስ ሕዋሳት እየተሳቡ ወደ መሃል ይመጣሉ። ተገናኝተው ሲጨርሱ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ቀድማችሁ ከላጣችሁት እነሱንም አብራችሁ ትነቅላላችሁ። ሥራው እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ያልቆሰለው ቆዳችሁም ቢሆን ሥራ አይፈታም። ከታች አዲስ ሕዋስ ይወለዳል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከላይ ሲደርስ ይሞታል። ጉዞው አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። አሁን ክንዳችሁን ዳሰስ አድርጉ፤ የነካችሁት የሞተውን ነው። (ይሄን ስነግራቸው «ኧረ!» ብለው እጃቸውን የሚሰበስቡ አሉ።)

ቁስሉን በንጹህ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ ሸፍኑት። እያበጠና እየቀላ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ቢያሳክካችሁ ግን ብዙ ጊዜ እየዳነ ነው። አትቧጥጡት።

«እጄ እምቢ ይለኛል» ላላችሁ፣ አንዲት ታካሚዬ ያደረገችውን ላውራችሁ። በቁስሏ ዙሪያ ጤነኛው ቆዳ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሠራች። ክቡ ታጥቦ ሲደበዝዝ ደግማ ታሰምረዋለች። መላጡን ትታ በየማታው ልኬት ያዘች። ስትመለስ ክቡ የጉልበቷን ግማሽ ይዟል፤ መሃሉ ላይ የቀረችው ቅርፊት ግን የሸሚዝ ቁልፍ አታክልም። «ዶክተር፣ ነገ ትወድቃለች» አለችኝ።