«በምን?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊዚክስ በማስተማር ነው። ስልካችሁ ላይ የምትቀባበሉትን ያንን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ። ትንሿ ምድር ከግዙፉ ጁፒተር ጎን ተለጥፋ፣ አስፈሪ ሙዚቃ ተለቆባት፣ ከስር «እኛ ምንም ነን» የሚል ጽሑፍ። እስቲ ሙዚቃውን አጥፉትና እናስላው።

ጁፒተር ምድርን በስንት እጥፍ ይበልጣታል? አንዱ 11 ይላል፣ ሌላው 1,300፣ ሌላው 318። ሦስቱም ልክ ናቸው። ወገቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ብትለኩት 11 ምድሮች ይደረደሩበታል። በይዘት፣ ማለትም በሚይዘው ቦታ፣ ከ1,300 ምድሮች ይበልጣል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን የ318 ምድሮችን ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው፤ አብዛኛው አካሉ ሃይድሮጂንና ሂሊየም ነዋ። እግር የሚያሳርፉበት መሬት እንኳ የለውም። ሳተርንማ ባሰ፤ ጥግግቱ፣ ማለትም በእኩል ቦታ ውስጥ የታጨቀው ክብደት፣ ከውሃም ያንሳል። ከስምንቱ ፕላኔቶች በጥግግት አንደኛዋ ማን መሰለቻችሁ? ይቺው የናቃችኋት ምድር።

ስለዚህ ሰው «ይበልጣል» ሲላችሁ «በምን?» በሉት። ጥያቄው ለደመወዝም ለፖለቲካም ይሠራል፤ እሱን ለእናንተ ልተው።

ቪዲዮው ርቀቱንም ደብቋችኋል። ምድርን 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን የምስር ፍሬ አድርጓት። ጁፒተር ትንሽ ብርቱካን ይሆናል። ብርቱካኑን የት ልታስቀምጡት ነው? ሁለቱ በጣም በሚቀራረቡበት ጊዜ እንኳ ከምስሯ 230 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። ጎን ለጎን ብሎ ነገር የለም።

እኔንም ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። ጁፒተር ማታ በሚታይበት ወቅት ባይኖኩላር ተዋሱ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ግድግዳ ተደገፉ። ከግራና ቀኙ በአንድ መስመር የተሰለፉ ነጥቦች ታያላችሁ፤ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራት ጨረቃዎች ናቸው። አንዳንዴ አንዷ ወይ ሁለቷ ይሰወራሉ። ቦታቸውን ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉና በማግስቱ ደግማችሁ እዩ፤ ተዘዋውረው ታገኟቸዋላችሁ። አዮ የምትባለው ጁፒተርን ዞራ ለመጨረስ ሁለት ቀን እንኳ አይፈጅባትም። ጋኒሜድ ደግሞ ከሜርኩሪ ፕላኔት ትበልጣለች።

በምን አላችሁኝ? በስፋት። በክብደትማ ሜርኩሪ ከእጥፍ በላይ ያስከነዳታል።